የጉብኝት ቪዛ የያዘች ልጅ ጎብኚ ናት ወይ?

(በእንጦጦ ማርያም አካባቢ በተደረገው የማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ለአባላትና ለደጋፊዎች የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ከአገር ስለ መውጣት ነው፤ በተለይም በየሰፈራችን «ቪዚት» እየተባለ ስለሚጠራው የጉብኝት ቪዛ። ርዕሱን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ድሮ ከቁጠባ ሣጥናችን ብድር ሲጠየቅ ለጉልት፣ ለፈትልና ለሽመና፣ ለእንጀራ ምጣድ፣ ለልጅ ደብተርና ልብስ ነበር። አሁን አሁን ግን «ልጄ ዱባይ ልትሄድ ነው፤ ቪዛዋ ወጥቷል፤ የቀረው ለሰውየው የሚከፈለው ብቻ ነው» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ገንዘቡ የሁላችን ነው። ልጅቷም የሁላችን ናት። ስለዚህ ብሩን ከመቁጠራችን በፊት ስለ ወረቀቱ እንነጋገር።

እኛ የእንጦጦ ሴቶች ጎብኚን በደንብ እናውቃለን። አፄ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውድ የደፉበትን ቤተ ክርስቲያንና ሙዚየሙን ለማየት የውጭ አገር ሰው ወደዚህ ተራራ ሲወጣ ኖሯል። በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ እንግዳው በዝቷል። እንጨትና ቅጠል ተሸክመን ወደ ሽሮ ሜዳ ስንወርድም ስንቱ ፎቶ አንስቶናል። ያ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ፓስፖርቱ በራሱ ኪስ ነው። የመመለሻ ቲኬቱ ተቆርጧል። ያረፈበትን ሆቴል ያውቃል። የሚበላበትና የሚታከምበት ገንዘብ አለው። መቼ እንደሚመለስ ብትጠይቁት ቀኑን ሳያስብ ይነግራችኋል። ደስ ካላለውም ነገውኑ ዕቃውን ሸክፎ ይሄዳል፤ የሚይዘው የለም።

ጎብኚ ማለት ይህ ነው። የጉብኝት ቪዛም የተሠራው ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ነው። ወረቀቱ ውስጥ ሁለት ቃል ኪዳን አለ፤ አልሠራም፣ በቀኔ እመለሳለሁ የሚል። አሁን ልጃችንን እንመልከት። ፓስፖርቷ ደላላው ዘንድ ነው። ቲኬቷ የመመለሻ ቢኖረውም እንዲያው ለማሳያ የተያዘ ነው። የምታርፍበትን ቤት አታውቀውም። ኪሷ ውስጥ ያለው ከእኛ የተበደረችው ነው። መቼ ትመለሻለሽ ስትባል «ዕዳዬን ስከፍል» ትላለች። ይህች ልጅ የጎብኚ ወረቀት ይዛለች እንጂ ጎብኚ አይደለችም። ሠራተኛም አይደለችም፤ የሠራተኛ ወረቀት የላትም። አደጋው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ዱባይን ምሳሌ እናድርግ፤ ብዙ ልጆቻችን የሚጠሩት ወደዚያ ነውና። የተባበሩት ዓረብ ኤሚሬትስ የጉብኝት ቪዛ የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ ለ30 ወይም ለ60 ቀን ነው። ፓስፖርቱ ቢያንስ 6 ወር የሚቀረው መሆን አለበት። በር ላይ የመመለሻ ቲኬት፣ የማረፊያ ማስረጃና ለቆይታ የሚበቃ ገንዘብ ሊጠየቅ ይችላል። ቪዛ መያዝ ብቻውን መግባት ማለት አይደለም፤ የኤርፖርቱ ሹም ጠይቆ ካልተዋጠለት ከዚያው ይመልሳል። የተከፈለው ገንዘብም በዚያው ይቀራል፤ ደላላ ተመላሽ አያውቅም።

ገባች እንበል። በዚህ ቪዛ መሥራት በአገሩ ሕግ ክልክል ነው። ቀኑ ካለፈ በኋላ ደግሞ በየቀኑ 50 ድርሃም ቅጣት ይቆጠርባታል። ሦስት ወር ብትቆይ 4,500 ድርሃም ይሆናል። አሁን ማዳሟ ደመወዝ ከለከለቻት፣ ወይም የቤቱ ሰው እጁን ዘረጋባት። ወደ ማን ትሂድ? ፖሊስ ጋ ብትሄድ መጀመሪያ የምትጠየቀው «ቪዛሽ የታለ?» ተብላ ነው። ሕጉ እሷንም የሚጠብቅበት መንገድ ቢኖረውም እሷ ግን ራሷን እንደ ወንጀለኛ ቆጥራ ትደበቃለች። ክፉ ቀጣሪ ደግሞ ይህን ፍርሃት ጠንቅቆ ያውቀዋል። ከአባሎቻችን የአንዷ ልጅ እንዲህ ሆና ስትመለስ የደረሰባትን ጠየቅናት፤ «ከሥራው ይልቅ ለማንም መናገር አለመቻሌ ነው ያደከመኝ» አለችን። አገሩ አንዳንድ ጊዜ ምሕረት ያውጃል፤ በ2017 ዓ.ም. መግቢያ ላይ እንኳ ለአራት ወር ያህል ቅጣቱን እየተወ ሰው ሸኝቷል። ነገር ግን ምሕረት ሲመጣ ይመጣል እንጂ ልጅን በምሕረት ተስፋ አይልኩም።

የአገራችን ሕግስ ምን ይላል? የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 እና ማሻሻያው ቁጥር 1246/2013 አሉ። በአዋጁ መሠረት ልጅቷ 18 ዓመት የሞላት መሆን አለባት፤ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ፣ ማለትም ሲኦሲ ያስፈልጋታል፤ የምትሄድበት አገርም ከኢትዮጵያ ጋር የሥራ ስምምነት ያለው መሆን አለበት። ከሁሉ በላይ ግን እያንዳንዷ እናት በቃሏ እንድትይዝልን የምንፈልገው ማን ምን እንደሚከፍል ነው። የቪዛውን፣ የደርሶ መልስ ቲኬቱን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱን፣ የኢንሹራንሱን ወጪ የሚሸፍነው ቀጣሪው ነው። ልጅቷ የምትሸፍነው የፓስፖርት፣ የሜዲካል ምርመራ፣ የክትባት፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የሲኦሲና የመሳሰሉትን ነው። እንግዲህ አንድ ሰው «ለቪዛና ለቲኬት ይህን ያህል ሺህ ብር» ሲላችሁ፣ ሕግ በቀጣሪው ላይ የጣለውን ዕዳ ከእናንተ እየጠየቀ መሆኑን ዕወቁ።

«ሕጋዊው መንገድ ረጅም ነው፣ ድህነቱ ደግሞ አይታገሥም» የምትሉ አላችሁ። እውነት ነው። በኮንትራት የሄደች ሁሉ ተደስታ ተመልሳለች አንልም። በ2012 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ የሊባኖስ ገንዘብ ሲወድቅ ቀጣሪዎች ልጆቻችንን ከነሻንጣቸው ቤይሩት በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ ጥለዋቸው ሲሄዱ ዓለም አይቷል። ከልክሎ ማስቀረትም አልሆነም። መንግሥት በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ለሥራ ወደ ዓረብ አገር መሄድን አግዶ ነበር፤ በዚያው ሰሞን ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160,000 በላይ ወገኖቻችንን በጥቂት ወራት ውስጥ መልሳለች። እገዳው እስከ 2010 ዓ.ም. ቆየ፤ ሰው ግን መሄዱን አልተወም፤ መንገዱን ቀየረ፤ በጎረቤት አገርም፣ በጉብኝት ቪዛም ሄደ። ስለዚህ እኛ «አትሂዱ» ለማለት አልቆምንም። የምንለው ይህ ነው፦ ኮንትራት ያላት ልጅ ስትበደል የምታሳየው ወረቀት፣ የሚጠየቅ ኤጀንሲ፣ ስሟ የተመዘገበበት መዝገብ አላት። በቪዚት የሄደች ግን ይህ ሁሉ የላትም።

ጉዳዩ የቤት ሥራ ብቻ፣ የሴት ልጅ ብቻም አይደለም። ኮሌጅ የጨረሱ ወንዶች ልጆቻችንም ተይዘውበታል። ታይላንድ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘ ሰው ኤርፖርት ላይ የ15 ቀን የጉብኝት ቪዛ ትሰጥ ነበር። ደላሎች ይህን አይተው «የኮምፒውተር ሥራ፣ ዳጎስ ያለ ደመወዝ» እያሉ ወጣቶችን ወደ ባንኮክ ወሰዱ፤ ከዚያም ድንበር አሻግረው ምያንማር ውስጥ ወዳሉ የማጭበርበሪያ ግቢዎች አስገቧቸው። በየካቲት 2017 ዓ.ም. የአካባቢው ታጣቂዎች 260 ሰዎችን ለታይላንድ ጦር ሲያስረክቡ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት፣ 138ቱ፣ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። እንግሊዝኛ የሚችሉ፣ ኮምፒውተር የሚያውቁ ልጆች ናቸው። ትምህርት ብቻውን እንደማያድን ከዚህ እንማራለን። ማን እንደቀጠረው፣ የቢሮው አድራሻ የት እንደሆነ፣ ለምን በሠራተኛ ቪዛ እንዳልተጠራ አስቀድሞ መጠየቅ ግን ያድናል።

በመካከላችን እውነተኛ ጎብኚ የሆኑ እናቶችም አሉ። ልጃቸውን ለማረስ አሜሪካ የሚሄዱ፣ ለትንሣኤ ኢየሩሳሌምን ለመሳለም የሚቆጥቡ አሉ። ለእነሱም ለሌሎቻችሁም የሚሆን ምክር እነሆ።

ሹሙ ሲጠይቃችሁ እውነቱን አጭር አድርጋችሁ ተናገሩ፦ የት እንደምታርፉ፣ ማን ጋ እንደምትሄዱ፣ መቼ እንደምትመለሱ። ደላላ ያስጠናችሁን ታሪክ አትናገሩ፤ ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ይፈርሳል። የልጃችሁን ስልክና አድራሻ በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ፤ ስልክ ባትሪ ይጨርሳል።

ፓስፖርታችሁን ለማንም አትስጡ። በኤሚሬትስም በኳታርም ሕግ ቀጣሪ የሠራተኛን ፓስፖርት መያዝ አይፈቀድለትም። ኮፒውን አንዱን ሻንጣ ውስጥ፣ አንዱን ቤት፣ ፎቶውን ደግሞ በስልክ ላይ አስቀምጡ።

የቢጫ ወባ ክትባት ካርድን አትርሱ። እንደ ህንድና ታይላንድ ያሉ አገሮች ከኢትዮጵያ ከሚሄድ ሰው ይጠይቃሉ። ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብሎ መወሰድ አለበት፤ አንድ ጊዜ ከተወሰደ ካርዱ ዕድሜ ልክ ያገለግላል።

የሌላ ሰው ዕቃ አትያዙ። እኛ አደራ የምናከብር ሕዝብ ነን፤ ክፉ ሰው ይህንኑ ባሕርያችንን ይጠቀምበታል። በ2011 ዓ.ም. አንዲት ወጣት ኢትዮጵያዊት መሐንዲስ ቻይና ስትገባ ዕፅ ተገኘብሽ ተብላ ታስራለች፤ ቤተሰቦቿ ጓደኛዋ አድርሺልኝ ብላ የሰጠቻት ዕቃ ውስጥ እንደነበረ ተናግረዋል። በዚያ አገር ይህ ጉዳይ እስከ ሞት ያስቀጣል። የታሸገ ሻምፖም ቢሆን፣ በርበሬም ቢሆን፣ ራሳችሁ ያላሰራችሁትን አትውሰዱ። እዚህ ሱቅ የሚሸጥ ጫትም በሳዑዲና በኤሚሬትስ ወንጀል ነው። እንደ ትራማዶል ያለ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻም ያለ ፈቃድ አይገባም፤ ሐኪም ያዘዘላችሁ ከሆነ ማዘዣውን ይዛችሁ አስቀድማችሁ አስጠይቁ።

ስልክ ቁጥር በቃል ይያዝ። የቤተሰብ አንድ ቁጥር፣ የኤምባሲ ወይም የቆንስላ ቁጥር፣ የፖሊስ ቁጥር። ፖሊስ በኤሚሬትስ 999፣ በሊባኖስ 112 ነው። ማንኛዋም ሴት ከታሰረች ቆንስላዋ እንዲነገረው የመጠየቅ መብት አላት፤ ይህም በ1963 እ.ኤ.አ. በቪየና በተፈረመው የቆንስላ ግንኙነት ስምምነት የተጻፈ ነው። «ቆንስላዬን ጥሩልኝ» የሚለውን በዓረብኛም በእንግሊዝኛም ልጆቻችንን እናስጠናቸው።

ከቤት ጋርም የምስጢር ቃል ይኑራችሁ። ልጅቷ አጠገቧ ሰው ቆሞ ስትደውል «ደህና ነኝ» ከማለት ሌላ ምን ትላለች? «እማዬ፣ የጠላው ጌሾ ደረሰ ወይ?» ካለች ችግር አለ ማለት ነው ብላችሁ አስቀድማችሁ ተስማሙ። ቃሉን የምታውቁት እናንተና እሷ ብቻ ሁኑ።

አሁን ወደ ሣጥናችን እንመለስ። ኮሚቴው ለጉባኤው የሚያቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ለጉዞ ብድር ስንጠየቅ የምናበድረው ሕጉ ልጅቷ ራሷ ትክፈል ላላቸው ወጪዎች ይሁን፦ ለፓስፖርት፣ ለሜዲካል፣ ለክትባት፣ ለልደት ምስክር ወረቀት፣ ለሲኦሲ። ለደላላ፣ ለቪዚት ቪዛና ለቲኬት ግን አናበድር። ብድር የምትጠይቅ እናትም ሦስት ጥያቄ ትመልስልን፦ ኮንትራቱ የታለ? ኤጀንሲው ፈቃድ ያለው መሆኑ ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ዘንድ ተጠይቋል? ፓስፖርቱ በማን እጅ ነው? ሦስቱም ከተመለሱ ብድሩ አይዘገይም። ይህ ሐሳብ አንዳንዶቻችሁን እንደሚያስከፋ እናውቃለን፤ ደላላው ብዙ ጊዜ ባዕድ አይደለም፤ ቡና የምንጣጣው ጎረቤት ወይም የሥጋ ዘመድ ነው። ቢሆንም ለዘመድ ሲባል ሕግ ቀጣሪው ላይ የጣለውን ዕዳ የእኛ ሣጥን አይሸከምም።

ደጋፊዎቻችንንም አንድ ነገር እንጠይቃለን። ልጆቻችን ሕጋዊውን መንገድ የሚተዉት ስለሚንቁት አይደለም። ለሲኦሲ ስልጠና የሚያወርድ የሚያወጣቸው ትራንስፖርት፣ ስልጠናው እስኪያልቅም የሚቆዩበት የዕለት ምግብ ስለሚያጡ ነው። ለዚያ የምትሰጡት ትንሽ ገንዘብ ከተመላሽ ልጅ ሕክምና በፊት የሚደርስ ገንዘብ ነው።

ሐሳቡ በሚቀጥለው ስብሰባ ድምፅ ይሰጥበታል። እስከዚያ እያንዳንዳችሁ ቤት ያለውን ፓስፖርት አውጥታችሁ የሚያበቃበትን ቀን እዩ፤ ማንበብ የማትችሉ ለጸሐፊያችን አምጡላት፣ ታነብላችኋለች።