ክብር ይደር ወይስ ዛሬውኑ?

(በቀድሞ ተማሪዎች መሰባሰቢያ ላይ የተደረገ ንግግር)



በሻይ ሰዓት የተነሳውን ክርክር እዚህ ይዤው መጥቻለሁ። ጎበዝ ስፖርተኛ ውድድር እንዳቆመ ወዲያው በክብር መዝገብ ይስፈር ወይስ ይቆይ? "ይቆይ" የሚሉት ምክንያት አላቸው፤ ሥራ በደንብ የሚመዘነው ጭብጨባው ሲበርድ ነው። የዓለም አትሌቲክስ የክብር መዝገብም ሩጫ ካቆሙ ቢያንስ 10 ዓመት የሞላቸውን ነበር የጠየቀው።

እኔ ግን አበበ ቢቂላን አነሳለሁ፤ ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው። የሰሜን ሸዋው የጃቶ ልጅ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ፣ በ1964 ደግሞ ቶኪዮ ላይ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ባደረገ በ40 ቀኑ ገደማ፣ አሸነፈ። የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለቴ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ታዲያ ምኑ ይመዘን? ደግነቱ አገሩ አልቆየችም፤ ወዲያው ማዕረግ ሰጠችው። በ1969 በዚሁ በደብረ ብርሃን መንገዳችን፣ ሸኖ አካባቢ፣ መኪናው ተገልብጦ እግሮቹ ከዱት። በ1973፣ በ41 ዓመቱ አረፈ። የዓለም መዝገብ ተከፍቶ ስሙ ከመጀመሪያዎቹ ጋር የገባው በ2012 ነው። እሱ አልሰማም።

ኮቤ ብራያንትም በ2016 ቅርጫት ኳስ አቆመ፤ ለክብር መዝገብ የተመረጠው በ2020፣ ካረፈ በኋላ ነው።

የኔ ሐሳብ ይኸው ነው፦ የሚያጨቃጭቀው ይቆይ፤ ማንም የማይጠራጠረው ግን ጆሮው እየሰማ ይመስገን። ማኅበራችንም ጡረታ የወጡ መምህሮቻችንን ሲያስብ ይህን አይርሳ። ዛሬ ፊት ለፊታችን ተቀምጠዋል፤ ለከርሞ ማን ያውቃል?