ቀያሹ ገዥ
(ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የማነሣላችሁ ሰው የእንግሊዝ ቅኝ አገር ገዥ ቢሆንም ከሙያችን የወጣ ነው። ሰር ጎርደን ጉጊስበርግ ቀያሽና መሐንዲስ ነበር። የዛሬይቱን ጋና፣ የያኔዋን ጎልድ ኮስት፣ ከ1919 እስከ 1927 አስተዳድሯል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጉጊስበርግ በ1869 በካናዳ ተወለደ። በእንግሊዝ አገር ተምሮ በጦሩ የመሐንዲሶች ክፍል መኮንን ሆነ። ከ1902 ጀምሮ ጎልድ ኮስትን በመቀየስ በርካታ ዓመታት አሳለፈ፤ ቀጥሎም በናይጄሪያ በዚሁ ሙያ አገለገለ። ስለዚህ ገዥ ሆኖ ሲመለስ አገሪቱን የሚያውቃት በወረቀት ብቻ ሳይሆን በእግሩ ረግጦ፣ በመሣሪያ ለክቶ ነበር።

ያኔ ጎልድ ኮስት በካካዎ ምርት ከዓለም አንደኛ ሆና ነበር። ይህንንም ሀብት ያፈሩት ጫካ መንጥረው የተከሉት የአገሩ ገበሬዎች ናቸው። ነገር ግን ምርቱ ከእርሻው የሚወጣው በአብዛኛው በሰው ራስ ላይ ተጭኖ፣ ወይም በበርሜል ታሽጎ በመንገድ ላይ እየተንከባለለ ነበር። ባሕሩ ዳር ሲደርስም መርከብ የሚጠጋበት ጥልቅ ወደብ አልነበረም። መርከቡ ራቅ ብሎ መልሕቁን ይጥላል፤ ቀዛፊዎች ጭነቱን በጀልባ አድርገው ማዕበሉን እየሰነጠቁ ያደርሱለታል።

ጉጊስበርግ ለዚህ መፍትሔ ይሆን ዘንድ 25 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ የተገመተ የዐሥር ዓመት ዕቅድ አቀረበ። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ወደብና የባቡር ሐዲድ ገቢን ያሳድጋሉ፤ ገቢው ደግሞ ትምህርት ቤትንና ሆስፒታልን ያቆማል። ብዙም ሳይቆይ የካካዎ ዋጋ ስለ ወደቀ ዕቅዱ ተቀነሰ። ያም ሆኖ አክራን ከኩማሲ የሚያገናኘው ሐዲድና የኮርሌ ቡ ሆስፒታል በ1923 ተፈጸሙ። የአቺሞታ ትምህርት ቤት በ1927 ተመረቀ። ማዕበል በሚገቱ ግንቦች የታጠረው የታኮራዲ ወደብ ደግሞ እርሱ ከሥልጣኑ ከተነሣ በኋላ በ1928 ተከፈተ።

ከእነዚህ ሁሉ ረጅም ፍሬ ያፈራው አቺሞታ ይመስለኛል። ከመሥራቾቹ አንዱ የአገሩ ተወላጅ ዶክተር አግሬ ሲሆን፣ ወንዶችና ሴቶች ልጆች አብረው ይማሩ ነበር። በኋላ የቅኝ አገዛዙን ፍጻሜ ያበሠረው ክዋሜ ንክሩማም በመምህርነት የሠለጠነው በዚያ ነው። ገዥው ያሠራው ቤት ገዥ የማይሻ ትውልድ አወጣ።

ነገር ግን ምስጋናው ሚዛን ይሻል። ለሥራው የሚወጣው ገንዘብ መሠረቱ የቅኝ ግዛቲቱ ገቢ ነበር፤ ገቢውም በብዛት የሚመነጨው ከካካዎ ነው። ይህን ሸክም የተሸከመው ገበሬ ግን ሐዲዱ የት ይዘርጋ ሲባል ድምፅ አልነበረውም። የ1925ቱ ሕገ መንግሥት ለሕዝቡ ጥቂት መቀመጫዎችን ቢሰጥም፣ በምክር ቤቱ ውስጥ አብላጫው የመንግሥት ሹማምንት ነበር፤ ለባህላዊ አለቆች የሰጠውንም ቦታ የተማሩት ወገኖች አጥብቀው ተቃወሙ። ሐዲዱም ከማዕድኑና ከካካዎው ወደ ባሕር የሚወርድ ነበር። ጉልበት ሠራተኛ ይመጣበት ለነበረው ለሰሜኑ ክፍል የታሰበው መስመር ሳይሠራ ቀረ።

ጉጊስበርግ በ1928 የብሪቲሽ ጊያና ገዥ ሆኖ ተሾመ፤ ሆኖም ሕመም ስለ ጸናበት ብዙ አልቆየም። በ1930 በእንግሊዝ አገር አረፈ። በመቃብሩ ላይ የመታሰቢያ ድንጋይ ያኖሩለት የጎልድ ኮስት አለቆችና ሕዝብ ናቸው። የገዙት ሰዎች ያላደረጉለትን የተገዙት አደረጉለት ማለት ነው።

ባልደረቦቼ፣ ይህን ድንጋይ ሳስብ ሁለት ነገር አያለሁ። አንደኛው፣ በቅን ልብና በጥሩ ልኬት የተሠራ ሥራ ከሠሪው ሥልጣን ይልቅ ዕድሜ እንዳለው ነው። ሁለተኛው ግን ይበልጥ ይከብደኛል። ጉጊስበርግ መሬቱን እንደ እርሱ የለካው ጥቂት ነበር፤ የሚኖርበትን ሰው ፈቃድ ግን አልለካም። እኛም በጠረጴዛችን ላይ ካርታ ዘርግተን መስመር ስናሰምር፣ ተዳፋቱንና አፈሩን ከመረመርን በኋላ ማን ይከፍላል፣ ማን ይጠቀማል፣ ማንስ ተጠየቀ ብለን መመርመር ይገባናል።