«ዓይንሽን ምን ነካሽ?»፦ ስለ ሩጫ መነጽር ጥቂት ቃል
(በመገናኛ በዓሉ ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው «ከሙያሽ አንድ ነገር አካፍዪን» ሲለኝ ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊት የምናገር መስሎት ይሆናል። እኔ ግን ስለ ፀሐይ መነጽር ነው የማወራው። የዓይን ሐኪሞች እዚህ ተቀምጣችኋል፤ ድንበራችሁን ስሻገር ታገሡኝ፣ ስሳሳት ግን አርሙኝ።

እንደምታውቁት የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ። «ተራመዱ፣ ከቻላችሁ ሩጡ» እያልኩ ለታካሚ ሳዝዝ ኖሬ፣ ያዘዝኩትን መድኃኒት ራሴ የወሰድኩት አርባን ስሻገር ነው። ስድስት ዓመት ሆነኝ። በሥራ ቀን በሰፈሬ፣ ቅዳሜ ደግሞ እንጦጦ። ስኳሬም ክብደቴም ልኩን ያዘ። ደስ ብሎኝ እሮጣለሁ።

ታዲያ ባለፈው ዓመት አንዲት እናት ለክትትል መጡና ግፊታቸውን ስለካ ፊቴን ትኩር ብለው አዩኝ። «የኔ ልጅ፣ ዓይንሽን ምን ነካሽ?» አሉኝ። አቧራ ነው፣ የእንቅልፍ እጦት ነው ብዬ አለፍኩት። ማታ መስታወት ፊት ቆሜ ሳየው ግን በግራ ዓይኔ፣ በአፍንጫ በኩል፣ ከነጩ ተነስቶ ወደ ጥቁሩ የሚሳብ ሮዝ ሥጋ አለ። ለወራት ዓይኔ ሲቀላና ሲቆረቁረኝ ጠብታ እየገዛሁ ዝም ብዬ ነበር። ታካሚ እንዲህ ቢያደርግ እንቆጣው የለ?

የክፍላችን ልጅ፣ ዛሬ የዓይን ሐኪም የሆነችው፣ አየችልኝ። «ፕተሪጂየም ነው፣ ገና ትንሽ ነው» አለች። ወዲያው ጥፋተኛውን አገኘሁት ብዬ ከመንገድ የገዛሁትን ርካሽ መነጽር ከቦርሳዬ አወጣሁ። በመነጽር ቤት ባለው ትንሽ መለኪያ አስለካችው። ሌንሱ አልትራቫዮሌቱን በደንብ ይከለክላል! ከዚያ መነጽሩን አስለብሳኝ በጎን በኩል ጣቷን ሰደደች፤ ጣቷ ዘው ብሎ ገባ። «ጥፋቱ ሌንሱ አይደለም፣ ቅርጹ ነው» አለችኝ። እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ በሩን ቆልፌ መስኮቱን ከፍቼ ነበር የምተኛው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጆሮ ግንድ በኩል አግድም የሚገባ ብርሃን በኮርኒያው ጉብታ ላይ ይታጠፍና በወዲያኛው፣ በአፍንጫ በኩል ባለው ጠርዝ ላይ ይሰበሰባል። ማጉያ መነጽር ፀሐይን ወረቀት ላይ እንደሚሰበስበው ማለት ነው። ፕተሪጂየም አብዛኛውን ጊዜ በአፍንጫ በኩል የሚበቅልበት አንዱ ማብራሪያ ይኸው ነው። ተማሪ እያለን «በአፍንጫ በኩል» ብለን ሸምድደን ፈተና አልፈናል። ለምን ብለን የጠየቅን ግን ስንቶቻችን ነን?

በዚህ ላይ አገራችንን አስቡ። ለምድር ወገብ ቅርብ ነን፤ ደገኞች ነን። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አልትራቫዮሌት በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ እንጦጦ ደግሞ ከዚያም በላይ። ብርዱ ያታልለናል እንጂ ጨረሩ ከሙቀት ጋር አይሄድም። ስስ ደመናም ብዙውን ያሳልፈዋል። ደግሞ እኩለ ቀን ላይ ቅንድባችን እንደ ቆብ ይከልለናል፤ ጠዋት 3 ሰዓትና ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ገደማ ግን ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ፊት ለፊትና በጎን ትመጣለች። ብዙዎቻችን የምንሮጠው መቼ ነው?

እንግዲህ እንዴት እንምረጥ? የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ ጥቁረትና መከላከል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የሚፈለገው ጽሑፍ «ዩቪ 400» ወይም መቶ በመቶ አልትራቫዮሌት የሚከላከል የሚለው ነው። ጽሑፍ ማንም ይለጥፋልና ከተቻለ አስለኩት። ጨረሩን የማይከለክል ጥቁር ሌንስ ብሌናችንን ያሰፋና ለጨረሩ በሩን ይከፍትለታል። ፖላራይዝድ የሚባለውም ከአስፋልትና ከውሃ የሚመለሰውን ነጸብራቅ ይቀንሳል እንጂ በራሱ የአልትራቫዮሌት ዋስትና አይደለም። ዋጋም ዋስትና አይደለም፤ የእኔው ርካሽ ሌንስ ምስክር ነው።

ሁለተኛ፣ ቅርጹ። ፊትን አቅፎ ወደ ጎን የሚዞር፣ ከቅንድብና ከጉንጭ ጋር ሰፊ ክፍተት የሌለው ይሁን። ግን ሽፋሽፍት ሌንሱን አይንካ፤ ትንሽ አየር ካላስገባ ዳገት ላይ በላብ ይደፈናል። ባለ ጥላ ቆብ ከጨመራችሁበት ከላይ የሚመጣውን ይይዝላችኋል።

ሦስተኛ፣ የጥቁረቱ ደረጃ። ከ0 እስከ 4 ይከፈላል። ለጠራራ ፀሐይ 3 ይበቃል፤ ከብርሃኑ ከ8 እስከ 18 በመቶ ያሳልፋል። 4 ቁጥር ለሩጫ ይበዛል፣ ለመንዳትማ ክልክል ነው። ይህንን በጉልበቴ ነው የተማርኩት፦ በጣም ጥቁር መነጽር አድርጌ ከፀሐይ ወደ ባሕር ዛፉ ጥላ ስገባ ሥር አደናቀፈኝና ሁለት ሳምንት አነከስኩ። ጥላና ፀሐይ ለሚፈራረቅበት መንገድ 2 ቁጥር ይሻላል።

አራተኛ፣ ሌንሱ ፖሊካርቦኔት ይሁን። ቀላል ነው፣ ብንወድቅም እንደ ብርጭቆ አይሰባበርም።

አምስተኛ፣ ከመግዛታችሁ በፊት እዚያው ሱቁ ውስጥ ዝለሉ! አዎ፣ ሻጩ ይስቅባችሁ። ራሳችሁን ወዝውዙ፣ ወደ መሬት ጎንበስ በሉ። የአፍንጫውና የጆሮው ላስቲክ ላብ ሲነካው የማይንሸራተት መሆን አለበት። በየመቶ ሜትሩ በጣት የሚገፋ መነጽር መጨረሻው ኪስ ነው፤ ኪስ ውስጥ ያለ መነጽር ደግሞ ዓይን አይጠብቅም።

የእኔ ዓይን ዛሬ በክትትል ላይ ነው። ሥጋው ወደ ብሌኑ ካልተጠጋና እይታን ካላዛባ አይቸኮልበትም፤ ቢቆረጥም ተመልሶ ሊበቅል ይችላል። እስካሁን ባለበት ቆሟል። ሩጫውን አላቆምኩም።

አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል። ስንት ሰው «በእግርህ ሂድ፣ ሩጥ» ብዬ ወደ ፀሐይ ልኬአለሁ! ስለ ጫማ ተናግሬአለሁ፣ ስለ ውሃ ተናግሬአለሁ፤ ስለ ዓይን አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ የሚውለውን ገበሬ፣ የትራፊክ ፖሊሱን፣ በረንዳ ላይ የሚቸረችረውን ልጅማ ጨርሶ አላሰብኩትም። ለእነሱ ሰፊ ባርኔጣ እንኳ ትልቅ ነገር ነው። ጨረሩ ለዓይን ሞራ ግርዶሽም ድርሻ አለው፤ እሱ ደግሞ ማንንም አይመርጥም።

ስለዚህ መምህራኖቻችንን የምጠይቀው ትንሽ ነው፦ ተማሪዎቻችሁ እንቅስቃሴ ሲያዙ ከጫማው ቀጥሎ ዓይኑንም ይጨምሩ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ጓደኞቼ ደግሞ ነገ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል በግቢው በር እንገናኝ። ያልቻለ ይራመዳል፣ የከበደው ይቀመጥና ያጨበጭብልናል። መነጽራችሁን ይዛችሁ ኑ፤ በጎኑ ጣቴን ሰድጄ እፈትሻለሁ።

ያችን እናት አሁንም በየሦስት ወሩ አገኛቸዋለሁ። እኔ ግፊታቸውን ሳልለካ እሳቸው ዓይኔን ያያሉ።