በዳገት ላይ የሚሠራ የተማሪዎች ማደሪያ

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




ዛሬ የምንናገረው ሁላችንም በየሌሊቱ ስለምንተኛበት ነገር፣ ይኸውም ስለ ተማሪዎች ማደሪያ ሕንፃ ነው። ስለ ማደሪያ በዚህ ማኅበር ብዙ ጊዜ ተነግሯል፤ ስለ ትኋኑ፣ ስለ ውሃው መጥፋት፣ ስለ አልጋው ማነስ። እኛ ዛሬ ልናነሣ የፈለግነው ግን ከቀለሙና ከልስኑ ውስጥ ያለውን ነው። ሕንፃው የቆመው በምንድር ነው? ሊጥለው የሚችለውስ ምንድር ነው?

ማደሪያ ከሌላው ሕንፃ የሚለይበት አንድ ምክንያት አለ። መሥሪያ ቤት ሌሊት ባዶ ነው፤ የመማሪያ ክፍልም ከመሸ በኋላ ይዘጋል። ማደሪያ ግን ሰው የሚሞላው በጨለማ፣ በእንቅልፍ ሰዓት፣ በር ተዘግቶ ነው። ስለዚህ በማደሪያ ንድፍ ላይ የሚፈጸም ስሕተት ከሌላው የበለጠ ዋጋ ያስከፍላል።

እኛ የሲቪል ምህንድስና ተማሪዎች ለልምምድ ብለን አንድ ጥያቄ አንሥተን ነበር። በአርባ ምንጭ ሜዳ ላይ እንዲቆም የተነደፈ ባለ አምስት ደርብ ማደሪያ፣ በተለምዶ ጂ+4 የምንለው፣ ንድፉ ምንም ሳይለወጥ ተወስዶ በካምባ ዳገት ላይ ቢተከል ምን ይሆናል? ጥያቄው ከሜዳ የወደቀ አይደለም። በአገራችን አንድ ንድፍ አዘጋጅቶ በልዩ ልዩ ቦታ መድገም የተለመደ ነው፤ ጊዜና ገንዘብም ይቆጥባል። ነገር ግን ሥራችንን ስንጨርስ የደረስንበት አሳብ ይህ ነው፤ ክፍሉ፣ መስኮቱና አልጋው ሊደገም ይችላል፤ መሠረቱና ዓምዱ ግን በየቦታው እንደገና መታሰብ አለበት።

በመጀመሪያ ስለ ክብደት እንናገር። አራት ሜትር በስድስት ሜትር የሆነ፣ ስድስት ተማሪዎች የሚያድሩበት ክፍል አስቡ። ስፋቱ 24 ካሬ ሜትር ነው። ደንቡ ለመኖሪያ ክፍል በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ያህል ጭነት አስቡ ስለሚል፣ ወለሉ 4,800 ኪሎ እንዲችል ሆኖ ይሰላል። ስድስት ተማሪዎች እያንዳንዳቸው 60 ኪሎ ቢመዝኑ 360 ኪሎ ናቸው፤ ባለ ሁለት ደርብ አልጋው፣ ሣጥኑና መጽሐፉ ቢጨመር እንኳ ከተባለው ብዙ ይጎድላል። አሁን ደግሞ ወለሉን ራሱን፣ ሠራተኞች ሶሌታ የሚሉትን እንመዝን። ውፍረቱ 15 ሳንቲሜትር ቢሆን 3.6 ሜትር ኩብ አርማታ ነው፤ ክብደቱም 9 ቶን ይሆናል። ብሎኬቱና ልስኑ ገና አልተጨመረም። እንግዲህ ሕንፃው የሚሸከመው በአመዛኙ ራሱን እንጂ እኛን አይደለም።

ይህ ነገር መሬት ጸጥ ባለች ጊዜ አያስጨንቅም። አርማታ ወደ ታች የሚጫንን ክብደት በደንብ ይችላል። ጭንቁ የሚመጣው መሬት ወደ ጎን ስትንቀሳቀስ ነው፤ ያን ጊዜ ሕንፃውን የሚገፋው ኀይል ከራሱ ክብደት የሚመነጭ ነውና። የአንድ ማደሪያ ጠቅላላ ክብደት 3,000 ቶን ነው እንበል። መሬቱ ከስበት ፍጥነት አንድ ዐሥረኛ በሆነ ልክ ቢነቀነቅ፣ ሕንፃው ከመሬቱ ጋራ እንደ አንድ ድንጋይ ቢሄድ እንኳ 300 ቶን ወደ ጎን ይገፋዋል። የሕንፃው የራሱ ውዝዋዜ ከመሬቱ ውዝዋዜ ጋራ ከተስማማ ደግሞ ግፊቱ ከዚያም ይበልጣል።

«በእኛ አገር የመሬት መንቀጥቀጥ የት አለ?» የሚል አይጠፋም። በ1953 ዓ.ም. በካራቆሬና በማጀቴ አካባቢ ብዙ ቤት ፈርሷል። በ1961 ዓ.ም. በአፋር የሰርዶ መንደር ወድማለች። ፒየር ጉዋን የተባሉት ሊቅ የኢትዮጵያንና የአካባቢዋን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ1979 ዓ.ም. አንድ ትልቅ መጽሐፍ አሳትመዋል፤ መጽሐፍ የሚሞላ ታሪክ ካለ ነገሩ ተረት አይደለም ማለት ነው። ይህ ሁሉ ሩቅ ነው ለሚልም፣ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በፈንታሌ አካባቢ በተከታታይ የደረሰው ቅርብ ነው። ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ሌሊት የደረሰው መጠኑ ከ5.5 በላይ ነበር፤ የአዲስ አበባ ነዋሪዎችም ከእንቅልፋቸው ነቅተዋል።

የሕንፃ ደንባችንም ይህን እያየ ተሻሽሏል። እ.ኤ.አ. በ1995 ዓ.ም. የወጣው ደንብ አገሪቱን በክልል ከፍሎ፣ አርባ ምንጭን የመሰሉ በስምጥ ሸለቆ ያሉ ከተሞችን በከፍተኛው፣ በ4ኛው ክልል አስቀምጦ ነበር፤ ቁጥሩም 0.10 ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ዓ.ም. በወጣው ደንብ ቁጥሮቹ ከፍ ብለዋል። ለአዲስ አበባ ብቻ ብንወስድ 0.05 የነበረው 0.10 ሆኗል፤ ይኸውም እጥፍ ነው። ከዚህ የምንማረው በአሮጌው ቁጥር የተሰላ ንድፍ ከመሳቢያ ወጥቶ ዛሬ ሊተከል እንደማይገባው ነው።

አሁን ወደ ሁለቱ ቦታዎች እንመለስ። አርባ ምንጭ በአባያና በጫሞ ሐይቆች አጠገብ ያለች ከተማ ናት። በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተከፍቶባት፣ እርሱም በ1996 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲ አድጓል። በሐይቅ ዳር ባለ ሜዳ የሚያሳስበው ወንዝና ሐይቅ ያከማቸው ለስላሳ አፈር ነው። እንዲህ ያለ አፈር የሚመጣውን ንቅናቄ ሊያጎላው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1985 ዓ.ም. የሜክሲኮ ከተማ የተጎዳችው መንቀጥቀጡ ከተነሣበት ቦታ ከ350 ኪሎሜትር በላይ ርቃ ሳለች ነው፤ ምክንያቱም የከተማይቱ ብዙ ክፍል የቆመው በጥንት ሐይቅ ጭቃ ላይ ነበር።

ካምባ ግን ሌላ ናት። ከአርባ ምንጭ ወደ ምዕራብ በጋሞ ተራሮች ውስጥ ያለች፣ ሜዳ የሚፈለግባት አገር ናት። ከመካከላችን የካምባ ልጆች የሆኑ እንደሚያውቁት፣ በዚያ ቤት የሚሠራ ሰው አስቀድሞ ዳገቱን ቆርጦ ደልደል ያደርጋል። አንድ ጎጆ ለማቆም ይህ ቀላል ነው። ዐርባ ሜትር ርዝመት ላለው ማደሪያ ግን ዳገቱን መቁረጥ ማለት ከላይ ያለውን አፈር ድጋፉን መንሣት ማለት ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎረቤታችን በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ከከባድ ዝናብ በኋላ የተንሸራተተው መሬት ከ200 በላይ ሰዎች ገድሏል። በካምባ የሚነድፍ መሐንዲስ ይህን ረስቶ እስክሪብቶ ማንሣት የለበትም። የድጋፍ ግንብ ቢሠራም ከበስተኋላው ውሃው የሚወጣበት ቦይ ከሌለ፣ የረጠበው አፈር ግንቡን ይዞት ይሄዳል።

«መሬቱን ካልቆረጥን ዓምዶቹን እንደ ዳገቱ እናስረዝም» የሚል ሌላ መንገድ አለ። ከላይ በኩል ያለው ዓምድ አጭር፣ ከታች በኩል ያለው ረዥም ይሆናል። እኛም መጀመሪያ የሞከርነው ይህንኑ ነው፤ ሒሳቡ ግን አስደናቂ ነገር አሳየን። ውፍረታቸው አንድ የሆነ ሁለት ዓምዶች፣ አንዱ 3 ሜትር ሌላው 1.5 ሜትር ቢሆኑ፣ አጭሩ ወደ ጎን ለሚመጣ ግፊት 8 ጊዜ ይበልጥ ግትር ነው። ወለሉ ሁለቱንም እኩል ስለሚገፋቸው አጭሩ የረዥሙን ስምንት እጥፍ ይሸከማል። በዓይን ሲያዩት ጠንካራ የሚመስለው አጭሩ ዓምድ አስቀድሞ የሚሰበረው ስለዚህ ነው። የተሻለ ሆኖ ያገኘነው መላ ረዥሙን ሕንፃ በሁለት ወይም በሦስት አጫጭር ሕንፃ ከፍሎ፣ በመካከላቸው እንዳይጋጩ ክፍተት ትቶ፣ እያንዳንዱን በየራሱ እርከን ላይ ማቆም ነው። የጋሞ ገበሬ ማሳውን በእርከን የሚይዘው ዳገቱን ለማስቻል አይደለምን?

ከዚህ በቀር ለማንኛውም ማደሪያ የሚሆኑ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ከላይ ያሉት ደርቦች በመኝታ ክፍል ግድግዳ የተሞሉ ሆነው፣ ምድር ቤቱ ለቴሌቪዥን አዳራሽ ወይም ለሱቅ ተብሎ ባዶ ከተተወ፣ ሕንፃው በቀጭን እግር ላይ የቆመ ከባድ ሣጥን ይሆናል፤ ስብራቱም በዚያው በምድር ቤቱ ይመጣል። ሁለተኛ፣ ውሃ ስለሚጠፋ በጣራ ላይ ሮቶ መደርደር ልማድ ሆኗል። አንድ ባለ 5,000 ሊትር ሮቶ ሲሞላ 5 ቶን ነው፤ አራት ቢደረደሩ 20 ቶን፤ ያውም ሕንፃው አብዝቶ በሚወዛወዝበት በጫፉ ላይ። ሮቶውን በሕንፃው ጫፍ ከመደርደር፣ በካምባ ዳገት ከሕንፃው በላይ ባለ ጽኑ እርከን ላይ አስቀምጦ ውሃውን በስበቱ ማውረድ ይቻላል። ዳገቱ ጥቂት ጥቅም እንዲሰጠንም ይሁን።

ንድፉ ቢያምርም የሚሠራው በሰው እጅ ነው። ፌሮን ዙሪያውን የሚይዘው ስታፋ ጫፉ ወደ ውስጥ፣ ወደ አርማታው እምብርት ካልታጠፈ፣ በነውጥ ጊዜ ይከፈታል፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ። ቡኬቱ እንዲፈስ ተብሎ ውሃ ሲጨመርበት ሥራው ይቀላል፤ አርማታው ግን ይደክማል። የፈሰሰውም አርማታ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ውሃ ካልጠጣ ብርታቱን አያገኝም። ሲሚንቶውና ፌሮው በተራራ መንገድ በመኪና ተጉዞ በሚደርስበት ቦታ፣ ለመቆጠብ የሚመጣው ፈተና ብርቱ ነው፤ ቁጥጥሩም በዚያው ልክ መበርታት አለበት።

የዶርዜ ሰዎች ከቀርከሃ ጠልፈው የሚሠሩት ረዥም ቤት ለዚህ ሁሉ አንድ ነገር ያስተምረናል። ቤቱ ቀላል ነው፤ ስለዚህ ነውጥ የሚገፋው ክብደት የለውም። ተጠልፎ የተያያዘ ነው፤ ስለዚህ ይታጠፋል እንጂ በድንገት አይሰበርም። ምስጥ እግሩን ሲበላው ቤቱ ጥቂት ዝቅ ይላል፤ ቢፈለግም ብዙ ሰው ተሸክሞ ወደ ሌላ ቦታ ያዛውረዋል። አምስት ደርብ ማደሪያ ከቀርከሃ እንሥራ አንልም። ነገር ግን ክብደትን መቀነስ፣ ማያያዝ፣ ከመሰበር በፊት መታጠፍ የሚሉት ሦስቱ አሳቦች በአዲሱም ደንብ ውስጥ የሚገኙ ናቸው።

እንግዲህ ይህን ንግግር በወሬ ብቻ እንዳንጨርሰው ማኅበራችን ሦስት ነገሮችን ተቀብሎ እንዲያቀርብልን እንለምናለን።

1ኛ፤ ለማናቸውም አዲስ ማደሪያ ከንድፍ በፊት መሬቱ በየቦታው ተቆፍሮ ይመርመር። ደግሞም የአገሩ ሽማግሌዎች ይጠየቁ። ምንጭ በክረምት የት እንደሚፈልቅ፣ መሬት ቀድሞ የት እንደተንሸራተተ በዱቡሻ የሚሰበሰቡ አባቶች ከማንኛውም ካርታ ይልቅ ያውቃሉ።

2ኛ፤ የምህንድስና ተማሪዎች አርማታ በሚፈስበት ቀን ተገኝተው ስታፋ እንዲቆጥሩ፣ ናሙናም ተወስዶ በ7ኛውና በ28ኛው ቀን ሲጨመቅ እንዲያዩ ይፈቀድላቸው። ለእነርሱ ትምህርት ነው፤ ለሚያድሩበትም ዋስትና ነው።

3ኛ፤ በየማደሪያው በሁለቱም ጫፍ ያለው ደረጃ ሌሊት በሰንሰለት አይቆለፍ። ለሌባ ተብሎ የተቆለፈ በር በነውጥና በእሳት ጊዜ የሚዘጋው በተማሪው ላይ ነው። ይህኛው ሲሚንቶም ገንዘብም አይጠይቅም፤ ዛሬ ማታ ሊጀመር ይችላል።

ከእኛ ብዙዎቻችን ነገ ወደ ካምባ፣ ወደ ቦንኬ፣ ወደ ጨንቻና ወደየአገራችን መሐንዲስ ተብለን እንላካለን። ያን ጊዜ በጠረጴዛችን ላይ ከሌላ ቦታ የመጣ የተዘጋጀ ንድፍ ይቀመጥና «ፈርም» እንባላለን። ከመፈረማችን በፊት ወጥተን ዳገቱን እንድናየው አደራ እንላለን።