በጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ስለሚደረግ የሣጥን ፍለጋ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ከጂኦግራፊ ክበብ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ በከተማችን በጭሮ፣ በቀድሞ ስሟ በአሰበ ተፈሪ፣ በዚህ በዓል ላይ ልንናገር የተነሣነው ጂኦካሺንግ ስለሚባል ጨዋታ ነው። ጨዋታው እንዲህ ነው፤ አንዱ ሰው አነስተኛ ሣጥን ይሰውርና የቦታውን ኬክሮስና ኬንትሮስ በኢንተርኔት ያስታውቃል፤ ሌላው ስልኩን ይዞ ይፈልገዋል። ያገኘው ሰው በውስጡ ባለው ደብተር ስሙን ይጽፋል፤ ዕቃ ቢወስድ ምትኩን አኑሮ ሣጥኑን እዚያው ይመልሰዋል።

አጀማመሩ ከአሜሪካ ነው። መንግሥቱ በጂፒኤስ ላይ ሆን ብሎ ያደርግ የነበረውን ማዛባት በሚያዝያ 1992 ዓ.ም. አቆመ። እስከዚያ ድረስ 100 ሜትር ያህል ይሳሳት የነበረው መሣሪያ በ20 ሜትር ውስጥ ያሳይ ጀመር። በማግሥቱ ዴቭ ኡልመር የሚባል ሰው በኦሪገን ጫካ አንድ ባልዲ ሰወረ። ከዕቃዎቹም መካከል አንድ ቆርቆሮ ባቄላ ነበረበት!

በእንግሊዝ አገር በጥንታዊ የገጠር አብያተ ክርስቲያናት አጠገብ ሣጥን ማኖር የተለመደ ነው። ምእመን ያነሰበት ቤተ ክርስቲያን በዚህ ሰበብ ጎብኝ ያገኛል። ታዲያ ይህ ለእኛ አገር ይስማማልን? በክበባችን ብርቱ ክርክር የተነሣው በዚህ ነው።

የሚደግፉት የየካውን ዋሻ ሚካኤልን ጠቀሱ። ይህ ከአለት የተፈለፈለ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ከአዲስ አበባ መካከል እምብዛም ሳይርቅ በተራራ ላይ ይገኛል፤ ጣሪያው ስለ ፈረሰ ዝናም ይገባበታል። ላሊበላን ለማየት የሚጓዝ ስንቱ መንገደኛ ስሙን ሰምቷል?

የሚቃወሙት ያነሡት ነገር ግን ከበድ ያለ ነው። በአገራችን «የተሰወረ ሣጥን አለ» ማለት ለብዙ ሰው «ወርቅ ተቀብሯል» ማለት ነው። ዛሬ ለጨዋታ የተሸሸገ ቆርቆሮ ነገ ዶማ የያዘ ሰው ይጠራል። ጉዳቱም የግድግዳ መፍረስ ብቻ አይደለም። በድሬ ዳዋ አጠገብ በሐርላ የቁፋሮ ሊቃውንት በ12ኛው መቶ ዓመት የተሠራ መስጊድ ማግኘታቸው በ2009 ዓ.ም. ተነግሯል፤ ከሩቅ አገር የመጡ ዶቃዎችም ተገኝተዋል። ዶቃ ዘመኑን የሚናገረው ከተኛበት አፈር ጋር ሲገኝ ነው፤ በዶማ ከወጣ በኋላ ጌጥ ከመሆን አያልፍም። ያለ ፈቃድ መቆፈርንም የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ይከለክላል፤ አዋጁ የወጣው፣ እንዳጋጣሚ፣ ባልዲው በተሸሸገበት በ1992 ዓ.ም. ነው።

እኛም ከክርክሩ በኋላ በአንድ ሐሳብ ተስማማን። በዚሁ ጨዋታ ሣጥን የሌለው ዐይነት አለ፤ ፈላጊው ቦታው ድረስ ሄዶ፣ አይቶ፣ ጥያቄ ይመልሳል። በምዕራብ ሐረርጌ ብንጀምር የምንመርጠው ይህንን ነው። ከሚኤሶ በስተ ምዕራብ ያለውን የአሰቦትን ተራራ እንውሰድ። በላዩ ያለው የደብረ ወገግ ገዳም ከ14ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በአቡነ ሳሙኤል ስም የታወቀ፣ በግራኝ ዘመን የጠፋ፣ ከብዙ ዘመን በኋላም ዳግመኛ የተቋቋመ ነው። ደኑ በ2004 ዓ.ም. በእሳት ተጎድቷል። ቦታው ባዶ ፍርስራሽ ሳይሆን መነኮሳት የሚጸልዩበት ስለ ሆነ፣ ጥያቄው ከተራራው ግርጌ የሚመለስ ሊሆን ይገባል፤ «ከዚህ ሲታይ ደኑ እስከ የት ይወርዳል?» እንደ ማለት። የየዓመቱ መልስ ቢጠራቀም የደኑ መዝገብ ይሆናል።

የመጀመሪያዎቹን ጥያቄዎች ጽፈናል። የገዳሙ አባቶችና የወረዳው የባህል ጽሕፈት ቤት አይተው እስኪፈቅዱልን ድረስ ግን ኬክሮስና ኬንትሮሱን ለማንም አናስታውቅም።