የመንገድ እንግዳና የአጥቢያችን ልጆች
(ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት የተደረገ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ከቤተ ክርስቲያናችን ቅጥር ውጭ፣ ከባሕር ዳር ተነሥቶ በዳንግላ፣ በአዲስ ቅዳምና በእንጅባራ አድርጎ ወደ ቡሬና ደብረ ማርቆስ በሚዘልቀው አስፋልት ላይ የሚፈጸም ነው። በዚህ መንገድ ድንችና ከሰል የጫኑ መኪኖች፣ ገበያ የሚውሉ እናቶች፣ ከደብር ወደ ደብር የሚሻገሩ የአብነት ተማሪዎች ይመላለሳሉ። አልፎ አልፎም ከሩቅ አገር በብስክሌት የመጡ መንገደኞች ያልፋሉ።

ከእንዲህ ያሉት ጉዞዎች ስመ ጥር የሆነው፣ መቀመጫው በካናዳ ቶሮንቶ የሆነ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2003 የጀመረው «ቱር ዳፍሪክ» ነው። ተጓዦቹ ከካይሮ እስከ ኬፕ ታውን ከ10,000 ኪሎ ሜትር በላይ በአራት ወር ገደማ ይፈጽማሉ። ብቻቸውን ወይም ሁለት ሦስት ሆነው የሚጓዙም አሉ። ከሰሜን መጥቶ ወደ አዲስ አበባ ለሚያልፍ ብስክሌተኛ አንዱ ዋና መንገድ ይኸው የእኛ መንገድ ነው።

በማኅበር በሚደረግ ጉዞ ስንቁን፣ ድንኳኑንና መለዋወጫውን የሚይዘው መኪና ነው፤ ብስክሌተኛው ከውኃና ከትርፍ ከመነዳሪ በቀር ብዙ አይሸከምም። ሾፌሩ ቀድሞ ይሄዳል፤ ጥላ ያለበትን ስፍራ ይመርጣል፤ ባለ መሬቱን ያስፈቅዳል፤ ማዕዱን አሰናድቶ ይጠብቃል። አገሬው ከሆነም ለእንግዳው አንደበቱ እርሱ ነው። ነገር ግን መኪናው ከቀደመ በኋላ በሾፌሩና በብስክሌተኛው መካከል ብዙ ኪሎ ሜትር ይቀራል። በዚያ መካከል እንግዳው ያለው በእኛ ልጆች እጅ ነው።

ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትሆን እንጅባራ ከ2,500 ሜትር በላይ ናት። መንገደኛው ዳገቱን ሲወጣ ደክሞ፣ አዝግሞ ነውና ልጆች ከጎኑ ይሮጣሉ። ብዙዎቹ በሳቅና በሰላምታ ይሸኙታል። በአገራችን በልዩ ልዩ መንገዶች ያለፉ ብስክሌተኞች ግን ከዚህ መልካም ትዝታ ጋር ሌላም ይናገራሉ፤ ይኸውም የተወረወረ ድንጋይና በመንኰራኵር መካከል የገባ ዱላ ነው። ቁልቁለት በፍጥነት ለሚወርድ ሰው አንዲት ጠጠር ሞት ልትሆን ትችላለች።

ልጆቹ ይህን የሚያደርጉት በክፋት ነው ብለን አናምንም። ከብት ሲጠብቅ ለሚውል ልጅ ብስክሌተኛ ብርቅ ነው። ቀደም ሲል ያለፈው መንገደኛ ከረሜላ ወይም ባዶ ሃይላንድ ጥሎለት ከሆነ፣ የሚከተለው ባዶ እጁን ሲያልፍ የቀረበት ይመስለዋል፤ ሳቁም ወደ ንዴት ይለወጣል። ምክንያቱን መረዳት ግን ነገሩን መተው አይደለም። ልጁ ያልተማረውን ማስተማር የእኛ ድርሻ ነው።

ለዚህም ከሌላ አገር የምንዋሰው ነገር የለም። አዊ የፈረሰኛ አገር ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ሲያከብር ልጆቻችን ዳር ቆመው ያያሉ። የሚጋልብን ሰው ማስደንበር ምን ማለት እንደ ሆነ ከአባቶቻቸው ያውቃሉ። በብስክሌት የሚያልፈውም ጋላቢ መሆኑን ብንነግራቸው ይገባቸዋል።

ደግሞም የመሸበት መንገደኛ «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ሲል «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ብሎ የሚቀበል ሕዝብ ልጆች ናቸው። አብርሃም ከድንኳኑ ወጥቶ እንግዶችን ሲቀበል የሚያሳየውን ሥዕል ልጆቻችን ያውቁታል። በእንተ ስማ ለማርያም ብሎ በየደጁ የሚቆመው የአብነት ተማሪም በሰው አገር እንግዳ ነው። ለእርሱ ውሻ የሚይዝ እጅ በብስክሌተኛው ላይ ድንጋይ ሊያነሣ አይገባም።

ስለዚህ አራት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ በአስፋልቱ ዳር ያሉ አጥቢያዎች ከጥር ጀምሮ በዐውደ ምሕረትና በሰንበት ትምህርት ቤት ስለ እንግዳ አቀባበል ያስተምሩ። ሁለተኛ፣ በቅጽሩ አጠገብ ጥላ፣ ንጹሕ ውኃና መጸዳጃ ይዘጋጅ፤ ይህ ከእንግዳው ይልቅ ለምእመናኑ ይጠቅማል። ሦስተኛ፣ መርዳት የሚሻ እንግዳ በመንገድ ለልጅ ገንዘብ ከሚሰጥ በሰበካ ጉባኤው ደረሰኝ እንዲሰጥ በትሕትና ይነገረው። አራተኛ፣ ሰው ቢወድቅ ወይም ቢጎዳ ማን ወደ ጤና ጣቢያ እንደሚያደርሰውና ለሾፌሩ እንደሚደውል አስቀድሞ ይወሰን።

እንግዳውም ግዴታ አለበት። ሳያስፈቅድ ፎቶግራፍ እንዳያነሣ፣ ወደ ቤተ መቅደስ ሲገባ ጫማውን እንዲያወልቅ በፍቅር እንንገረው። ይህን ለማስረዳት ሾፌሩ ሁነኛ አጋዣችን ነውና ሲያርፍ ውኃ እናቅርብለት፤ እናማክረውም።

የሩቅ መንገደኛ ስለ አገራችን የሚያወራው ብዙ ጊዜ በአስፋልት ዳር ያገኘውን ልጅ ነው። ያ ልጅ ደግሞ የእኛው ክርስትና ልጅ፣ የነገው ዲያቆን ነው። መንገዱ ላይ የሚያነሣው እጅ ለሰላምታ እንዲሆን ከዛሬ ጀምሮ እናስተምረው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።