ጥፋትን ሜዳሊያ አይሸፍነው፣ ቀጠሮም አይቅበረው!

(በልደታ ለተሰባሰቡ የኮሌጅ ስፖርተኞችና አሰልጣኞች የተደረገ ንግግር)



ሰው ሆኖ የማይሳሳት፣ እንጨት ሆኖ የማይጨስ የለም ይላል ያገራችን ሰው። እውነት ነው። ግን ከሜዳ ውጭ ከባድ ጥፋት ያጠፋ ተጫዋች «ሁለተኛ ዕድል ይሰጠው» ሲባል ሰጪው ማነው? አሰልጣኙ? ደጋፊው? ወይስ ሕጉ?

ከቤታችን እንጀምር። ሻምበል አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ። ሦስት ወር ያህል ቆይቶ፣ በታኅሣሥ 1953 የክብር ዘበኛ መኮንኖች መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። አበበም የክብር ዘበኛ ወታደር ነበርና ታሰረ። ሆኖም ብዙ ሳይቆይ ተፈታ። በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ነገሩ ቶሎ ባይለይ ኖሮ ቶኪዮን ከየት እናገኛት ነበር?

ሌላውን ደግሞ እንይ። ሻምበል ማሞ ወልዴም የክብር ዘበኛ ልጅ ነው። በ1961 ዓ.ም. የሜክሲኮ ማራቶን ባለወርቅ፣ በአርባ ዓመቱ ደግሞ የሙኒክ ባለነሐስ። በ1985 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ዘመን በተገደለ አንድ ታዳጊ ሞት ተጠርጥሮ ታሰረ። እሱ በበላይ ትዕዛዝ በቦታው መገኘቱን እንጂ መግደሉን አላመነም። ፍርድ ያገኘው በ1994 ዓ.ም. ነው። የተፈረደበት ስድስት ዓመት፣ የታሰረው ወደ ዘጠኝ ዓመት! ተፈታ፣ በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ አረፈ።

ሁለቱ ጉዳዮች እኩል ናቸው አላልኩም። ማሞ ሜዳሊያ ስላለው በነፃ ይለቀቅ ነበርም አላልኩም። የዚያ ልጅ ቤተሰብም እኮ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ፍርድ ጠብቋል! የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። የተጓተተው ፍርድ ለተከሳሹም ለተበዳዩም አልበጀም።

እናንተ ልደታ ላይ የፍርድ ቤቱን ደጅ የምታዩ ሰዎች ቀጠሮ ምን እንደሆነ አስረጂ አያሻችሁም።

እንግዲህ ወደ ኮሌጃችን እንምጣ። ጎል አግቢው ሰክሮ ሰው ቢደበድብ፣ ወይም አንዲት ተማሪ ላይ ጥቃት ቢያደርስ፣ «እሁድ ጨዋታ አለን» ተብሎ ይድበስበስ? አይሆንም! ወንጀል ከሆነ ለሕግ ይቅረብ። የዲሲፕሊን ጥፋት ከሆነ ቶሎ ይሰማ፣ ተበዳይዋም ትሰማ፣ ቅጣቱ ልኩና ማብቂያው በጽሑፍ ይታወቅ። ቅጣቱን ሲጨርስ ደግሞ በሩ ይከፈትለት። ተቀያሪ ወንበር ላይ ለሚቀመጠውም ያው ደንብ ይሥራ።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን እስረኛ ከቅጣቱ ሦስት ሁለት እጁን ሲፈጽም በአመክሮ ሊፈታ ይችላል ይላል። ግን ጠባዩን ማሻሻሉንና ያደረሰውን ጉዳት በተቻለው መጠን መካሱን ይጠይቃል። ለእስረኛ የተፈቀደ ለተማሪ ለምን ይከለከላል?

ሜዳ ላይ ዳኛ ፊሽካ የሚነፋው ጥፋቱ እንደተፈጸመ ነው። የተቀጣውም ቅጣቱን ጨርሶ ይመለሳል። አባቶቻችን «በሕግ አምላክ!» ሲባሉ ባሉበት የሚቆሙት ሕጉ ለሁሉም አንድ ነው ብለው ስለሚያምኑ ነበር። እኛም ከዚያ አንነስ።